ሰኞ የተፈረመው ቅጽ

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሐምሌ ውስጥ። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የካርድ ጉዳይ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ የእኔ ነበር። ካርድ የጠፋበት፣ ማሽን ካርዱን የዋጠበት፣ የሚስጥር ቁጥሩን የረሳ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ሰኞ ሲሆን የቅዳሜና የእሁዱ ተጠራቅሞ ይመጣል። በዚያ ላይ ያን ዕለት ሲስተም አልነበረም። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከየዣንጥላው የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉን አጨማልቆታል፤ አንዱ ስልኩ ላይ ይጮኻል፣ ሌላው እኔ ላይ።

ተራቸው ደርሶ ከፊቴ የተቀመጡትን ሴት ቀና ብዬ ሳላይ፣ «ምን ነበር እናቴ?» አልኩ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ድምፃቸውን ነው ያወቅኩት። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ ናቸው። ቂርቆስ በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤታችን ሳይማቱና ሳይጮኹ ክፍል ጸጥ የሚያሰኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ታይፎይድ ይዞኝ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀርቼ ነበር። ያን ጊዜ ከሥራ ሲወጡ በእግራቸው ቤታችን ድረስ እየመጡ፣ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያመለጠኝን ሁሉ አስጽፈውኛል። እናቴ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ «ለሌላ ቀን ይሁንልኝ» ይሏት ነበር። አንድም ቀን አልጠጡም። ዛሬም ድረስ እናቴ ስለ ደግ ሰው ማውራት ስትፈልግ የምታነሳው እሳቸውን ነው።

ጡረታ ወጥተው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ተወልደው ባደጉበት የቀበሌ ቤት፣ ከታላቅ እህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱም አላገቡም። ሰፈሩ እንደሚፈርስ ተነግሯቸው ከከተማው ዳር ምትክ ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷቸዋል። ቤቱ ግን ግድግዳና ጣራ ብቻ ነው፤ የውስጥ በር የለው፣ የዕቃ ማጠቢያ የለው፣ ወለሉም ሻካራ ሲሚንቶ። እሱን ለማስጨረስ ብለው የገቡት ዕቁብ ደርሷቸው፣ ቁም ሳጥንና አልጋም ሸጠው ያገኙትን ጨምረው ስልሳ ሁለት ሺህ ብር ከምናምን እኛ ጋ አስቀምጠዋል። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት ያወሩኝ ስለ ካርዱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቅርንጫፋችን ደጅ ካለው ማሽን ሁለት ሺህ ብር ሊያወጡ መጥተው ማሽኑ ካርዳቸውን ዋጠው። ግራ ገብቷቸው እንደቆሙ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ጎልማሳ ሰው ጠጋ አላቸው። የባንኩ ሠራተኛ መሆኑን ነገራቸው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ደግመው ቢጫኑ ማሽኑ እንደሚመልሰውም ነገራቸው። ተጫኑ። አልመለሰም። ሰውየው ምንም እንደማይሆን፣ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ፣ ሰኞ መጥተው እንዲወስዱ አጽናንቷቸው እስከ ታክሲው ድረስ ሸኛቸው።

«እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለህ፤ ዣንጥላውን ይዞልኝ» አሉኝ።

እኔ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ቢያንስ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዣንጥላው ብቻ ነው አዲስ። ሌባው ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ካርድ የሚይዝ ነገር አስቀድሞ ይከታል፣ ቁጥሩን ጎን ቆሞ ያያል፣ ባለካርዱ ሲሄድ ካርዱን መዝዞ ያወጣል። ስለዚህ ማድረግ የነበረብኝን በደንብ አውቅ ነበር። ሲስተም ባይኖርም ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ካርዱን ማሳገድ ይቻላል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

መነጽራቸውን ስላልያዙ ካርዱ ይታገድልኝ የሚለውን ቅጽ እኔ ሞላሁላቸው። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ እሳቸው ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። ቅጹ በካርቦን የተያያዘ ሁለት ወረቀት ነው፤ ነጩ ለባንኩ፣ ሮዙ ለደንበኛው። ሮዙን ቀድጄ ሰጠኋቸውና ዛሬውኑ እንደማሳግደው ነገርኳቸው። ተነስተው መርቀውኝ፣ እናቴን ሰላም እንድልላቸው አደራ ብለው ወጡ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውዬ ቸኩያለሁ ብሎ ሲነጫነጭ እሱን አስተናገድኩ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከሰዓት ሲስተሙ ሲመለስ የተጠራቀመውን ስንገፋ አመሸን። ነጩ ወረቀት ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ገባ። ረሳሁት። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እዚህ እጽፈው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ተመልሰው መጡ። በደብተራቸው ብር ሊያወጡ ገንዘብ ከፋይዋ ጋ ቀርበው ኖሯል፤ ሂሳባቸው ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ብር ብቻ እንዳለ ነግራ ወደ እኔ ላከቻቸው። ሲራመዱ ሳያቸው ነው ትዝ ያለኝ።

ሂሳቡን ከፈትኩ። ቅዳሜ፣ እሳቸው ከሄዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ባምቢስ ካለ ማሽን አሥር ሺህ ወጥቷል። ማሽን በቀን ከዚያ በላይ አይሰጥምና እሁድ ላንቻ ሌላ አሥር ሺህ። ሰኞ ማታ አሥር ሺህ። ማክሰኞ አሥር ሺህ፤ በዚያው ዕለት መስቀል ፍላወር ካለ መጠጥ ቤት በካርዱ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ተከፍሏል። ረቡዕ የቀረውን አሥር ሺህ ጠራርገውታል። ስልክ ቁጥራቸው ከተቀየረ ቆይቶ እኛ ጋ ስላላስተካከሉት የወጪው መልእክት የሚሄደው ለማያውቁት ሰው ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ከእኔ ጋር አነበቡ። መጠጥ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

መዝናኛ ቤት መሆኑን ነገርኳቸው።

«ጠጥተውበታል ማለት ነው» አሉ። እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

እኔ በዚያች ደቂቃ እያሰላሁ ነበር። ቅዳሜና እሁድ የወጣው ሃያ ሺህ እሳቸው ሳያመለክቱ የወጣ ነው። ከሰኞ ጠዋት በኋላ የወጣው አርባ ሁለት ሺህ አራት መቶ ግን ካርዱን ባሳግድ ኖሮ አይወጣም ነበር። በዚያ ሰሞን ለኃላፊነት ቦታ ተወዳድሬ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። ሌላ ቅርንጫፍ የሚሠራ አንድ ልጅ እንዲህ ባለ ስህተት ገንዘቡን ከደሞዙ ቆርጠውበት በመጨረሻም አባርረውታል የሚል ወሬ ቢሮ ውስጥ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ለመፍራት ወሬው በቃኝ።

ካርዱን አሁን አገድኩት። ከዚያ ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣሁና ለአቤቱታው ሌላ መፈረም እንዳለባቸው ነገርኳቸው። የሐሙስን ቀን ጻፍኩበት። እሳቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ያስተማሩት ልጅ ነው የሰጣቸው። የሰኞውን ነጭ ወረቀት ፈልጌ አገኘሁትና አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ማታ ወደ ቤት ስሄድ ቀዳድጄ ጣልኩት። የሐሙሱ ቅጽ የተፈረመው ሐሙስ ስለሆነ ሐሰት የሆነ ቀን አልጻፍኩም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የሮዙ ወረቀት ነገር በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። ሰው ከባንክ የሚሰጠውን ወረቀት መቼ ያስቀምጣል ብዬ ነው መሰለኝ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። በማግስቱ ፋይሉን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ከሐሙስ በፊት አላመለከቱም?»

«አላመለከቱም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ? ለዋናው መሥሪያ ቤት የምልከው ነው።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እንዲህ በቀላሉ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። ኋላ ብዙ ጊዜ ይህን ሳስብ የሚገርመኝ ውሸቱ አይደለም፤ ከውሸቱ በኋላ ሄጄ ምሳዬን በደንብ መብላቴ ነው።

እሳቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። ፖሊስ ከማሽኖቹ ላይ የተነሳ ምስል ጠይቆ ነበር፤ የመጣው ምስል ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ያወረደና አፉን በማስክ የሸፈነ ሰው ነው። ያን ሰው እስከ ዛሬ የያዘው የለም። ሊይዘው የፈለገ መኖሩንም እንጃ።

መልሱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ደብዳቤውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የቅርንጫፉን ሪፖርት የጻፍኩትም እኔ ስለነበርኩ ውስጡ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ግማሾቹ የእኔው ነበሩ። ገንዘቡ የወጣው በራሳቸው ካርድና በራሳቸው የሚስጥር ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩንም ለሌላ ሰው ያሳዩት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ካርዱ ከእጃቸው መውጣቱን ያሳወቁት ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሐሙስ ዕለት ስለሆነ ባንኩ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይገልጻል።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ወደ መሀሉ ተመልሰው አንዱን መስመር ደግመው አነበቡ።

«ሰኞ መጥቼ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

«ሲስተሙ ላይ ያለው የሐሙሱ ነው ቲቸር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። የሚያዩኝ አንድ ነገር እስክጨምር እየጠበቁ ይመስል ነበር፤ ያኔ ግን አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ኮምፒውተሩን መነካካት ጀመርኩ። ደብዳቤውን በአራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው «እሺ» ብለው ወጡ። ጥበቃው በሩን ሲከፍትላቸው አመስግነውት ሲወጡ ሰማሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ዕድገቱን አገኘሁ። ጠረጴዛዬ ወደ ውስጥ፣ መስታወት ወዳለው ክፍል ገባ። ጓደኞቼ መስቀል ፍላወር ወስደው ጋበዙኝ፤ የገባንበት ቤት ያ ቤት ይሁን ሌላ አላረጋገጥኩም። ስሙን ከበሩ ላይ እንዳላነብ አንገቴን ደፍቼ መግባቴን ግን አስታውሳለሁ።

ካዛንቺስም ፈረሰ። ከቢሮ ስወጣ የማውቃቸው መንደሮች በየሳምንቱ እየሳሱ ሄደው አንድ ቀን ከዚህኛው አስፋልት እስከዚያኛው አስፋልት የሚያሳይ ሜዳ ሆነ። የቲቸር ቤት በየት በኩል እንደነበር ለመገመት አንድ ሁለቴ ቆሜ አይቻለሁ። መለየት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር ባለመቻሌ ቀሎኝ ነበር። ሰፈሩ ከሌለ እሳቸውም በዚያ መንገድ አያልፉም፤ እኔም በመስታወቱ በኩል አላያቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ እናቴ ቤት ምሳ ልበላ ሄድኩ። እናቴ አሁንም ቂርቆስ ነው ያለችው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቲቸርን አግኝታቸው ነበር። ከዚያ ሩቅ ሰፈር በሁለት ታክሲ እየመጡ በወር አንድ ቀን ያስቀድሳሉ አለችኝ። የገቡበት ቤት የውስጥ በር እንደሌለው፣ መታጠቢያ ቤቱን በመጋረጃ እንደከለሉት፣ እህትየዋ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከአራተኛ ፎቅ ከወረዱ ወራት እንዳለፏቸው ነግረዋታል፤ ገንዘባቸውን ሌባ ከባንክ እንደወሰደባቸውም። እናቴ በዚህ ጊዜ ልጄ እኮ እዚያ ባንክ ነው የሚሠራው፣ እሱን ብታገኚው ኖሮ ብላ ተቆጭታላቸው ኖሯል።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«‹እሱ ነው የተቀበለኝ› አለችኝ። ‹ሰላም በይልኝ› ብላኛለች።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። ልጇ ለመምህሩ ደክሞላቸው ሳይሳካለት የቀረ መስሏታል። ወጥ ጨመረችልኝ። ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

በሳምንቱ እሁድ፣ ቤታቸውን በእናቴ በኩል አጠያይቄ፣ ሃያ ሺህ ብር በፖስታ አድርጌ ሄድኩ። ለባለቤቴ ዕቁብ ልከፍል ነው አልኳት። ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ያልተነጠፈ መንገድ በእግሬ ሄጄ፣ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ። አልደነገጡም። «ግባ» አሉኝ።

ቤቱ እናቴ እንዳለችው ነበር። በር መሆን በነበረበት ቦታ ሁሉ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሻካራው ሲሚንቶ ላይ ከድሮው ቤት የመጣ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የተቀደደው ቦታ ላይ ወንበር ተጎትቶበታል። ጥግ ላይ ሁለት ባልዲ ውሃና መታጠቢያ ሳፋ አለ፤ ዕቃ የሚያጥቡት በዚያ ነው። እህትየዋ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሰላም ብለውኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። ቲቸር «ተማሪዬ ነው» ብለው ብቻ መለሱላቸው።

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መናገር ጀመርኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበር። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ተነስተው ከመጋረጃው ኋላ ገቡና አንድ የፕላስቲክ አቃፊ ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ ሮዝ ወረቀት አወጡ። ካርቦኑ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ የእኔ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሰኞ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ። የእኔ ፊርማ።

«ደብዳቤውን የሰጠኸኝ ዕለት ቤት ገብቼ ፈለግኩት። እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አሉኝ።

ይህን ይዘው ቢመጡ ኖሮ ገንዘቡ ይመለስላቸው እንደነበር ልነግራቸው ስል አቋረጡኝ። «አውቃለሁ። የእህቴ የክርስትና ልጅ ጠበቃ ነው፤ እሱም ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አላመጡትም?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት አልኩ። ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው፣ ይመጣል አልኩ። ከዚያ ቤት መልቀቁ መጣ፣ የእህቴ ሕመም መጣ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ፊትህን ማየት አስጠላኝ። እኔ አሳይቼ ከማጋልጥህ አንተው ራስህ እስክትናገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብህ ልየው አልኩ።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ይቅር ብዬህ የተውኩት እንዳይመስልህ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላጽናኑኝም። እህትየዋ የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አድርገው ነበር፤ ሲያዳምጡ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስረጋጋ ስልሳ ሁለት ሺህ አራት መቶውን ሁሉ ቀስ በቀስ እንደምከፍል ነገርኳቸው። አልተቀበሉም። ቅዳሜና እሁድ የተወሰደው የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እሱ በራሳቸው ሞኝነት የሄደ እንደሆነ፣ ከእኔ የሚፈልጉት አርባ ሁለት ሺህ አራት መቶውን ብቻ እንደሆነ ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። እሱንም ቢሆን መክፈል ያለበት ባንኩ ነው አሉ። ፖስታውን እዚያው አስቀርተው ሮዙን ወረቀት ወደ እኔ ገፉት።

«ውሰደው። ሄደህ ራስህ አሳያቸው።»

ያላቸው ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር። ፎቶ ኮፒ እንዳላቸው ጠየቅኩ። የላቸውም። ይዤው ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይህን ወረቀት አሁን በመስኮት ብለቀው ምን ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይህንንም እጽፈዋለሁ፣ ስለመጣብኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባሁ። አንድ ገጽ ጽፌ፣ ሮዙን ወረቀት አያይዤ ፊቷ አስቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ጠይቄህ ነበር» አለች። «እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬም ደግሜ ጠይቄህ ነበር።»

ወረቀቱን ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከችው። ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ ውጪ አነጋግራኝ አታውቅም። መልሱ ለመምጣት ሁለት ወር ፈጀ፤ ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንዱ ስለ እሳቸው ነው። ጉዳዩ ውሳኔ ካገኘ ረጅም ጊዜ ስላለፈውና ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላበቃ እንደገና አይታይም ይላል። ሁለተኛው ስለ እኔ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እና ላንቻ ወዳለው ቅርንጫፍ መዛወር። ደሞዜ አልተነካም። ደረጃዬም አልወረደም። የመጨረሻው መስመር በጥንቃቄ እንድሠራ ይመክረኛል።

ማታ ደወልኩላቸውና የመጀመሪያውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ ደግሜ እንዳነበው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

«ላንተስ ምን አሉህ?»

«ማስጠንቀቂያ።»

«ሌላስ?»

«ላንቻ ቀየሩኝ።»

ከዚያ፣ «ይህን ነው የፈራኸው?» አሉኝ።

አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ፈርቼ ሁለት አሮጊቶችን የውስጥ በር በሌለው ቤት አስቀመጥኩ። ወዲያው ብናገር ኖሮ ባንኩ ይከፍላቸው ነበር፤ እኔንም ምናልባት ይኸው ማስጠንቀቂያ ብቻ ያገኘኝ ነበር። እውነቱን የተናገርኩት ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው። እንደዚያም ሆኖ አንዳንድ ባልደረቦቼ ትከሻዬን መታ አድርገው ወንድ ነህ አሉኝ። ምን እንዳደረግኩ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው እነሱም መሳቢያቸው ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት አላቸው።

የቀረውን ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር በየወሩ ሦስት ሦስት ሺህ እያደረግኩ ሂሳባቸው ውስጥ አስገባሁ። ስልክ ቁጥራቸውን አስተካክለው ስለነበር ገንዘቡ ሲገባ መልእክት ይደርሳቸዋል። በዚያው ዕለት ወደ እኔ አንድ ቃል ይልካሉ፦ «ደርሷል።» ሌላ ነገር የለውም። መጀመሪያ ሰሞን እኔም መልሼ እጽፍ ነበር፤ እህትዎ እንዴት ናቸው፣ በሩ ተሠራ ወይ እያልኩ። አይመልሱም። በአራተኛው ወር መጠየቁን ተውኩት። በሮቹ መሠራታቸውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። እንጨት ሳይሆን ቀላሉን አሠርተዋል አለች፤ የዕቃ ማጠቢያው ገና ነው።

የመጨረሻው አንድ ሺህ አራት መቶ ነበር። እሱን ያስገባሁ ዕለት «ደርሷል። ተጠናቋል» የሚል መጣ።

ለዓመት በዓል እንኳን አደረሰዎ ልበል ብዬ ደወልኩላቸው። ስልኩን ያነሱት ብዙ ከጠራ በኋላ ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉኝ። «እናትዎ ደህና ናቸው?»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንተ ነበርኩ። በሽተኛ ሆኜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ ባንክ ሲመጡ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ሲገፉ፣ ሲቆጡኝም አንተ ነበርኩ። ደህና ናት አልኳቸው። ቤተሰብዎስ፣ ሥራዎስ እያሉ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው በትሕትና ጠየቁኝ፤ ሁሉም ደህና ነው አልኩ። ስለደወልኩ አመሰገኑኝና ስልኩን ዘጉት።